ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ስለ አሠራር የሚገልጽ ድርሰት

ስለ አንድ ነገር አሠራር የሚጻፍ ድርሰት ቅደም ተከተልንና ምክንያትን ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ብዙ ተማሪ አይስተውም፤ የሚዘነጋው ምክንያቱ ነው። የሚከተለውን ምንባብ አንብቡና እያንዳንዱ ሥራ ለምን እንደሚሠራ የተገለጸባቸውን ሐረጎች አስተውሉ።

ምንባብ፦ የጎርፍ መከላከያ የአፈር ግድብ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቁይ ዙሪያ ጥቁር ዋልካ መሬት ብዙ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ሲጠግብ ያብጥና ስንጥቁ ይደፈናል። ከዚያ በኋላ የሚጥለው ዝናብ ወደ ውስጥ መስረግ ስለማይችል በላዩ ይጎርፋል። በበጋ በእርምጃ የምትታለፍ ጅረት በሐምሌ ሞልታ የጤፍ ማሳ ጠርጋ የምትሄደው ስለዚህ ነው።

በእንዲህ ያለች ጅረት ላይ የሚሠራ ትንሽ ግድብ ዓላማው ጎርፉን አቆይቶ በዝግታ መልቀቅ ነው። በመጀመሪያ ሣሩ ከነሥሩ ይነሣል፤ የበሰበሰ ሥር ለውኃ መንገድ ይከፍታልና። ቀጥሎ ውኃ ከሥር ሾልኮ እንዳይወጣ በግድቡ ርዝመት ልክ ቦይ ተቆፍሮ በሸክላማ አፈር ይሞላል። የታገደው ጎርፍ ቀስ እያለ እንዲወጣም ከግርጌ ቱቦ ይቀበራል። ከዚያም እርጥብ አፈር በስንዝር ያህል ውፍረት እየተነጠፈ ይጠቀጠቃል። ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ፊቱ ሣር ይለብሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማስተንፈሻው ነው። ይኸውም ከግድቡ አናት ዝቅ ብሎ፣ በዳር ባለው ባልተነካ መሬት ላይ የሚቆፈር የትርፍ ውኃ መውጫ ነው። ውኃ በአፈር ግድብ አናት ላይ ካለፈ የወዲያኛውን ተዳፋት እየሸረሸረ ይንደዋል። በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ የአፈር ግድብ ነበር። ባለቤቶቹ ሠረገላ እንዲያልፍበት አናቱን ዝቅ አደረጉት፤ ዓሣ እንዳያመልጥም በማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አቆሙበት። በግንቦት 1881 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ወንፊቱ በግንድና በቅጠል ተደፈነ፤ ውኃውም በአናቱ ፈሰሰ። ግድቡ ሲናድ ከግድቡ በታች በወንዙ መውረጃ በነበረው በጆንስታውን ከተማና በአካባቢው ከ2,200 በላይ ሰዎች አለቁ።

ሰዋስው

«ይከፍታልና» በሚለው ግሥ መጨረሻ ላይ ያለው «ና» ምክንያትን ያመለክታል። እዚህ ላይ ከአያያዡ «ና» ጋር እንዳታምታቱት ተጠንቀቁ። «እንዲወጣ»፣ «እንዳይወጣ» የሚሉት ደግሞ ገና የሚጠበቀውን ወይም የሚፈራውን ውጤት፣ ማለት ዓላማን ይገልጻሉ። «ማስተንፈሻው በዳር ይቆፈራል» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ፣ ቆፋሪው ድካም ለመቀነስ በተጠቀጠቀው አፈር ላይ ሊያወጣው ይችላል፤ የከለከለው ነገር የለምና።

መልመጃ

1. የሳውዝ ፎርክ ግድብ ባለቤቶች ሁለት ዓላማዎች በየትኞቹ ግሦች ተገለጹ? ዓላማዎቹ በራሳቸው ክፉ ነበሩን?
2. «አፈሩ እየተነጠፈ ይጠቀጠቃል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምክንያቱ አልተነገረም። በ«ና» ወይም በ«እንዳይ» አሟሉት።
3. በሰፈራችሁ የሚሠራ እርከን፣ ክትር ወይም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መርጣችሁ፣ አይቶት ለማያውቅ ሰው አሠራሩን በሁለት አንቀጽ ግለጹ።