አማቴ ቅቤ ይላሉ፣ የአክስቴ ልጅ ክሬም

ጥያቄ

እትዬ፣ የምኖረው ገራዶ ነው። ከባለቤቴ ጋር በመስኖ ካሮትና ጎመን እናለማለን፤ ደሴ ወስጄ የምሸጠው እኔ ነኝ። ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ጉንጬና ግንባሬ ላይ ማድያት ወጣብኝ። አማቴ «ቅቤ ተቀቢ፣ ወይባ ሙቂ፣ እኛስ በምን አደግን?» ይሉኛል። ከጅዳ የተመለሰች የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከኮምቦልቻ ክሬም ላከችልኝ። መጀመሪያ ፊቴ ፈካ፤ አሁን ግን አንድ ቀን ካልተቀባሁ ይነደኛል፣ ይቀላል፣ ብጉርም ጀመረኝ። ፀሐይ ላይ መቆም አቃተኝ። ባለቤቴ «ገበሬ ነሽ ሙሽራ?» ብሎ ይስቅብኛል። የማንን ልስማ?

ግራ የገባኝ፣ ከገራዶ

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያ ክሬም ይቁም። አንድ ቀን ሲቀርበት የሚነድ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ የለመደ ፊት ነው። ፊት ያፈካሉ ተብለው በየሱቁ በሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶል የተባለው ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይገኛል። ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፤ የሳሳ ቆዳ ደግሞ ፀሐይ አይችልም። ሜርኩሪ ካለበት ጉንጭሽ ላይ ተለጥፎ ለሚተኛው ልጅሽም ይተርፋል። ስታቆሚ ለተወሰኑ ሳምንታት ሊብስብሽ ይችላል። ያኔ «ለማስታገስ» ብለሽ መልሰሽ እንዳትቀቢ፤ ብዙዎች የሚያዙት እዚያ ላይ ነው።

አማትሽን አትቀየሚያቸው። ቅቤ የደረቀ ቆዳ ያለሰልሳል፤ የወይባ ጭስም የወሎ ሴት ወግ ነው፣ እኔም አልጠላውም። ፀሐይን ግን ሁለቱም አያግዱም፤ ሙቀት ማድያትን ስለሚያባብስ ፊትሽን ከጭሱ አርቂው። ጎረቤት ሎሚ ወይም ጤና አዳም ጭመቂበት ካለችሽ እሺ አትበዪ። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ጠቁሮም ይቀራል። ከአማትሽ ዘመን የምትወስጂው ሻሹን፣ ነጠላውንና የሳር ባርኔጣውን ነው።

ማድያት በእርግዝና ሆርሞን ይነሳል፤ የሚያጠቁረው ፀሐይ ነው። የእናንተ አገር ነፋስ ደግሞ ያታልላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ብርድ እያለሽም ትቃጠያለሽ። ስለዚህ አረሙን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጊው። ገበያ ስትቀመጪ ጃንጥላ ትከዪ። ነጠላሽን ወደ ብርሃን አንሺና እዪ፤ ወዲያ ማዶ ከታየሽ ፀሐዩም ያልፋልና አጥፈሽ ድርብ አድርጊው።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከፋርማሲ ስትገዢ ኤስ.ፒ.ኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ከተገኘ የቆዳ ቀለም ያለውን ምረጪ፤ ለማድያት ከነጩ ይሻላል፣ ፊትም አመድ አያስመስልም። ከመውጣትሽ 15 ደቂቃ በፊት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ፊትሽንና አንገትሽን ተቀቢ፣ በየሁለት ሰዓቱም ድገሚ። ዋጋው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ሰፊ ክንፍ ያለው ባርኔጣ ግዢ።

ባለቤትሽን «አንተስ ስታርስ ባርኔጣ የምታደርገው ለሙሽርነት ነው?» በዪልኝ። ከሳቀ በኋላ ፊትሽ እንደሚነድሽ ቁጭ ብለሽ ንገሪው። የሚያየው ማድያቱን ነው፣ ሕመሙን አላየም።

በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከደሴ ብዙ የማይርቀው፣ በሥጋ ደዌ ሕክምና የጀመረው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለው። የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ የምትወጊ ከሆነ ንገሪያቸው፤ ማድያትን ሊያባብስ ይችላል። የክሬሙን ቱቦም ሳትጥዪ ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ ምን ስትቀቢ እንደከረምሽ ማየት አለበት።