ብቻህን አትታገል፤ ወንበር ይዘውልሃል

ስንት ሰኞ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ብለሃል? ስንቱ አርብ ላይ ድራፍቱ ተመልሶ ፊትህ ቀርቧል?

ተረጋጋ። ልወቅስህ አልመጣሁም። ፍላጎት አልጎደለህም። የጎደለህ ሰው ነው።

እስቲ አስበው። ለሐዘን ዕድር አለህ። ለገንዘብ ዕቁብ አለህ። ለጻድቁም ማኅበር ትጠጣለህ። መጠጥ ማቆም ላይ ሲደርስ ግን በር ዘግተህ ብቻህን ትምላለህ! ስትጠጣ እኮ ብቻህን አልነበርክም። ስልክህ በጠጪ ጓደኛ ተሞልቷል። ታዲያ ስታቆም ለምን ብቻህን?

አንድ ታሪክ ልንገርህ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ሜይ 1935፣ ቦታው አክረን፣ ኦሃዮ። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ሰው ሜይፍላወር ሆቴል ሎቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። የመጣበት ሥራ ከሽፏል። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነው። በአንድ በኩል የባሩ ሳቅና ጫጫታ ይጠራዋል። በሌላ በኩል ስልክ አለ።

ስልኩን አነሳ!

የማያውቃቸው ሰዎች ጋ እየደወለ፣ እንደሱ መጠጥ ያስቸገረው ሰው እንዲያገናኙት ጠየቀ። በማግስቱ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር ተቀመጠ። ሐኪሙ ሃንጎቨር ላይ ስለነበር የፈቀደለት አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። ከስድስት ሰዓት በላይ አወሩ። ዶክተሩ አንዴ አገርሽቶበት ነበር፤ ከጁን 10 ቀን 1935 በኋላ ግን በ1950 እስኪሞት ድረስ መጠጥ አልነካም። መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚደጋገፉበት አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ፣ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው።

አሁን ልብ በል። ቢል የደወለው ሌላ ሰው ለማዳን ብሎ ብቻ አይደለም። ራሱ እንዳይጠጣ ነው! ስለዚህ የኤኤ ስብሰባ ስትሄድ ማንንም አታስቸግርም። አሥር ዓመት ያልጠጣው ሰውዬም አንተን ይፈልግሃል።

«ሰው ቢያየኝስ?»

ይኸው መጣ! ስትንገዳገድ ሰፈሩ ሁሉ አይቶህ የለም እንዴ? እዚያ ያለው ሰው በሙሉ ባንተው ጉዳይ ነው የመጣው። ፎርም አትሞላም። የአባት ስም አትጠየቅም። ክፍያ የለም፤ መዋጮ ይዞራል፣ ደስ ካለህ ትሰጣለህ። አባል ለመሆን የሚያስፈልገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ተራው ሲደርስህ መናገር ካልፈለግክ «ዛሬ ላዳምጥ» በል። በቃ።

አንቺስ? ሴት ስትጠጣ ሐሜቱ እጥፍ እንደሚሆን አውቃለሁ። ለሴቶች ብቻ የሆኑ ስብሰባዎች አሉ። ኦንላይንም አለ፤ ከቤትሽ ሳትወጪ ትገቢያለሽ።

«ከእምነቴ ይጋጫል ወይ?» ኤኤ ስለ ፈጣሪ ያወራል፤ የየትኛውም ሃይማኖት ድርጅት ግን አይደለም። ጸሎትህን አትተው፤ የንስሐ አባትህንም አትሽሽ። ይሄ የሚጨመር እንጂ የሚቀነስ አይደለም።

ደግሞ ወሬ ብቻ አይደለም። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ በ2020 ሃያ ሰባት ጥናቶችን መርምሮ፣ ሰውን ወደ ኤኤ የሚያስገቡ ሕክምናዎች ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ በመራቅ በኩል ከሌሎች የታወቁ የምክክር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አግኝቷል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ስማኝ። በየቀኑ አብዝተህ የምትጠጣ ከሆነ፣ ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ በራስህ ውሳኔ ድንገት አታቁም። ሊጥልህ፣ ቅዠት ሊያሳይህ፣ ሊገድልህም ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም! አዲስ አበባ ካለህ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሱስ ሕክምናም ይሰጣል። ስሙን ሰምተህ አትደንግጥ። ጀግና ማለት በጊዜ የሚታከም ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ሊደብርህ ይችላል። ይደብርህ! አንድ ቀን ምሳው ስላልጣመህ መብላት ትተሃል? ሌላ ቡድን ሞክር፤ ጠባያቸው ይለያያል። ቀደም ብለህ ድረስ። ሲያልቅ አትሩጥ፤ ዋናው ጨዋታ ከስብሰባው በኋላ ቡና ላይ ነው። ስልክ ተቀበል። ከዚያ አርብ ማታ አምሮትህ ሲነሳ፣ ከመጠጣትህ በፊት ደውል። ከጠጣህ በኋላ ሳይሆን በፊት! ውሎ አድሮ ቀድሞህ መንገዱን የሄደ አንድ ሰው ምረጥ፤ እነሱ ስፖንሰር ይሉታል። ያንን ሰው አትዋሸው።

ሜሪላንድ ወይም ለንደን ካለህ ሰበብ የለህም፤ የስብሰባ ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦልሃል። በአማርኛ ካጣህ በእንግሊዝኛው ግባ። ያለህበት ከተማ ምንም ከሌለስ? የኤኤ ደንብ ራሱ፣ ላለመጠጣት የተሰበሰቡ ሁለት ሦስት ሰዎች ቡድን ነን ማለት ይችላሉ ይላል። ሁለት ሰው! ለማቆም የሚታገል አንድ ጓደኛ ታውቃለህ አይደል? ቡና ጋብዘው። ግሮሰሪ አጠገብ ግን አይሁን።

አሁን ስልክህን አውጣ። የሚቀርብህን ስብሰባ ፈልግና ሰዓቱን መዝግብ። ዛሬ ጠጥተህ ከሆነም ነገ ሂድ።