የልጅ ልጄ ስሜን ለአይጥ ሰጠው

«የአምዱ አዘጋጅ፣ የምጽፈው ከሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ከኩርሙክ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ የጎረቤቴ ልጅ ይጽፋል፤ ፊደል ቢሳሳት በእሱ ይያዝ።

ልጄ ዲቪ ደርሷት ሚኒሶታ ነው የምትኖረው። ሁለተኛዋን ስትወልድ ላርሳት ብዬ ኅዳር ላይ ሄድኩ። በሩን እንዳለፍኩ ሳሎኑ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ የሽቦ ቤት አየሁ። ውስጡ ሁለት አይጦች፣ አንዷ ነጭ አንዷ ቡራቡሬ። ወጥመድ የገቡ መስሎኝ ‹እሰይ፣ ያዛችኋቸው!› አልኩ። ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ እባብ ካልገዛህልኝ ብሎ አባቱን ወጥሮ ያዘውና ትንሽ ዘንዶ ተገዛለት። ለዘንዶው ቀለብ ደግሞ እነዚህ ሁለት አይጦች ከነነፍሳቸው በዶላር ተገዙ። ዘንዶው አልበላም አለ። ልጁ አይጦቹ ጥግ ይዘው ሲንቀጠቀጡ አይቶ አውጡልኝ ብሎ አለቀሰ። ዘንዶው ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ አይጦቹ የቤት ልጅ ሆነው ቀሩ። እኛ ጋ እኮ እባብም አይጥም በነፃ ነው የሚመጡት። አይጧ ማሽላውን ተከትላ ትገባለች፣ እባቡ አይጧን ተከትሎ ይገባል። በዚሁ ሰበብ እንደተኛ የተነደፈ ዘመድ አለኝ።

ያም ይሁን። ቡራቡሬዋን ልጁ በእኔ ስም ነው የሚጠራት! እንግዳ ተቀምጦ ስሜን እየጠራ ‹ነይ፣ ብዪ› ይላታል። ፖም ተከትፎ ይቀርብላታል። እኔ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ ድንበራችንን የተሻገረ ሰው ልጆቹን ይዞ ራሽን ሲጠብቅ ያየሁ ነኝ። አንጀቴ አረረ። አንድ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ የሽቦ ቤቱን ተሸክሜ በረንዳ ላይ አወጣሁት። ውጭው በረዶ ነበር። ሊነጋጋ ሲል አማቼ ከሌሊት ሥራ ሲገባ አገኛቸው። ልጁ ያነጠፈላቸው ጨርቅ ውስጥ ተጣብቀው ነበር አሉ፤ አልሞቱም። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረኝም። ልጄ ‹ይቅርታ ጠይቂው› አለችኝ። እኔ፣ በስልሳ ሰባት ዓመቴ፣ ለሕፃን፣ በአይጥ ጉዳይ! ቀኔን አሳጥሬ ተመለስኩ። አሁን በኢሞ ስደውል ልጄ ‹ደህና ነን፣ ደህና ሁኚ› ብላ ትዘጋዋለች። ጥፋተኛው ማን ነው? ስሜ ይቆይልኝ።»

እናቴ፣ ጸሐፊዎ ፊደል አልሳተም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የእርስዎን ትቶ የራሱን አስተያየት የጨመረ ስለመሰለኝ ሰርዤዋለሁ።

ጥፋተኛው ማን ነው ላሉኝ ሳላለባብስ ልመልስ። አራስ ባለችበት ቤት ሳሎን ላይ አይጥ ያስቀመጠች ልጅዎ አጥፍታለች። አይጦቹን በሌሊት ለውርጭ ያወጡት እርስዎ አጥፍተዋል። ልጁ ምንም አላጠፋም። ይህን ሳያውቁት የጻፉልኝ አይመስለኝም።

በልጅዎ ልጀምር። የእርስዎን መጸየፍ የገጠር ሰው ጠባይ አድርጋ ስቃ ካለፈችው ተሳስታለች። የምትኖርበት አገር የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ የሚሉት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከአይጥ ጋር እንዳይነካኩ ይመክራል። ጤነኛ የምትመስል፣ ታጥባና ተበጥራ የምትኖር የቤት አይጥ እንኳ በንክሻ ወይም በጭረት ከባድ ትኩሳት ልታስይዝ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ አይጥ የሚያረቡና የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ሴዑል በሚባል ቫይረስ ተይዘው ነበር። ቫይረሱ የመጣው ከዱር ሳይሆን ከዚያው ከሽቦ ቤቱ ነው። ስለዚህ አይጦቹ ከኩሽናና ከሕፃኗ ክፍል የራቀ ቦታ ይፈለግላቸው፤ ልጁ በነካቸው ቁጥር እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የሽቦ ቤታቸው ዕቃ በሚታጠብበት ገንዳ አይታጠብ። እርስዎም ተመልሰው ሲሄዱ የሚሰግዱበት ንጹሕ ክፍል የመጠየቅ መብት አለዎት። ይህን ሁሉ በቀን፣ በአፍዎ፣ ሳሎን ተቀምጠው ቢናገሩት ኖሮ ዛሬ የሚከራከርዎ ባልኖረ።

ስለ ኩርሙኳ አይጥ ደግሞ ለእርስዎ የምነግረው የለኝም፤ ከእኔ ይልቅ ያውቋታል። ለልጅዎ ግን ይህን ያንብቡላት። እነ ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ ዝዋይ አካባቢ የበቆሎ ማሳ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት አይጦች ያጠፉት ከሰብሉ ሩብ ያህል ነበር። ይህ ገና ማሳ ላይ እያለ ነው፤ ጎተራ ከገባ በኋላ የሚሆነውን የማሽላ ባለቤት ሁሉ ያውቀዋል። አይጥ ጠላት ናት ያለ ሰው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ፈረንጅም ሲመረው እንደ እርስዎ ነው፦ ካናዳ ውስጥ አልበርታ የሚባለው ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ አይጥን ድንበሩ ላይ እየጠበቀ ያጠፋል፤ እዚያ የቤት አይጥ ማሳደግ ራሱ በሕግ ክልክል ነው። ልጅዎ የምትኖረው አልበርታ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ይቆም ነበር።

እንግዲህ ወደ በረንዳው እንምጣ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እዚህ ደግሞ የኩርሙኳ በበላች የሚኒሶታዋ ተመታች። የልጁ አይጦች የማንም ጎተራ አልነኩም። ዘራቸው ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ውስጥ ጃክ ብላክ የሚባል አይጥ አጥፊ ነበር። ሲያድን መልካቸው ለየት ያሉትን፣ ነጩንና ቡራቡሬውን፣ ሳይገድል እያስቀረ ያረባቸውና ይሸጣቸው ነበር። የልጅ ልጅዎ ቡራቡሬም ከእንደነዚህ ያሉት ዘር ናት፤ ሰው ስታይ ከመሸሽ ይልቅ ወደ እጅ መምጣት ይቀናታል።

በሐዲስ በሐረም ክልል ውስጥ እንኳ ይገደሉ ከተባሉት አምስቱ አንዷ አይጥ እንደሆነች ያውቃሉ፤ ሌሊቱን ምናልባት ይህን ይዘው ይሆናል የወጡት። ድመት አስራ፣ ሳታበላትም ሳትለቃትም የገደለቻትን ሴት ነገርም ያውቃሉ። ፍርዱ የሸኾች እንጂ የእኔ አይደለም፤ ሰፈርዎ ያሉትን ይጠይቁ። እኔ የማየው ግን የመግደልንና የማሠቃየትን ልዩነት ነው። መሸሽ እንዳይችሉ ተዘግቶባቸው ለውርጭ ተተዉ። ተርፈዋል፤ የተረፉት ልጁ ባነጠፈላቸው ጨርቅ ነው።

ልጁ ያደረገውንም ይመልከቱት። እባብ ለምኖ፣ ተገዝቶለት፣ ቀለቡ ዓይኑ ፊት ሲንቀጠቀጥ እባቡን ተወ። ለእባቡም ደግ ነው የሠራው። እዚያ በየቤቱ የሚያድገው ትንሹ ዘንዶ አብዛኛውን ጊዜ ሮያል ፓይተን የሚባለው ነው፤ አገሩ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኡጋንዳ ነው። ወራት ሙሉ አልበላም ማለት ልማዱ ነው፤ ያልበላ እባብ ጋ በሕይወት ያለች አይጥ ዘግተው ቢተዉ ደግሞ ተናካሿ እሷ ትሆናለች። ለዚህ ነው የሚያውቁት ሰዎች የሞተ፣ በረዶ ቤት የቆየ አይጥ አሟሙቀው የሚሰጡት። አባትየው ይህን ሳይጠይቅ ነው የገዛው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ልክ ነበር።

ስምዎን ለአይጥ መስጠቱ እንደ እሳት እንዳቃጠለዎ ደብዳቤው ይናገራል። ኩርሙክ ገበያ መካከል አንዱ ተነስቶ በአይጥ ስም ቢጠራዎ ዘመድ ተሰብስቦ ካሳ ያስከፍለው ነበር። ልጁ ግን ከሁሉ የሚወዳትን ሲያገኝ ከሚያውቃቸው ስሞች የመረጠው የእርስዎን ነው። የእናቱን አልሰጣትም፣ የመምህርቱን አልሰጣትም። እርስዎን ከመምጣትዎ በፊት በስልክ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ከሆነ ደግሞ፣ ስምዎን በየቀኑ የሚጠራበት ሰበብ ያገኘው በዚህች አይጥ ነው። እርስዎ በረንዳ ላይ ያወጡት ያንን ነው፤ ልጁም እንደዚያ ነው የገባው። አይጥ ስለተነካ ብቻ አንድ ልጅ አያቱን እስካሁን አያኮርፍም።

ራሽን ስለሚጠብቁት ሰዎች የተናገሩት ግን ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩርሙክ በኩል የገባውን ሕዝብ፣ መሸጋገሪያው ሲጨናነቅ፣ በኋላም ወደ ኡራ መጠለያ ሲጫን ያየ ዓይን ለአይጥ የተከተፈ ፖም ሲያይ ቢቃጠል አይፈረድበትም። ይህን ለልጁ ይንገሩት። ቁጣ አድርገው ሳይሆን፣ ያዩትን ብቻ። ለሁለት አይጥ ያለቀሰ ልጅ ለዚህ ጆሮ አያጣም።

ይቅርታውን በተመለከተ፦ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሽማግሌ አይላክም፤ እናቱም ሽማግሌ አይደለችም። ራስዎ ይንገሩት። ትልቅ ሰው ለልጅ ይቅርታ ሲጠይቅ ክብሩ ይወርዳል የሚሉ አሉ፤ እኔ እስካሁን ሲወርድ አላየሁም። «አይጦችህን ብርድ ላይ አውጥቼ ነበር፣ አጠፋሁ፣ ይቅር በለኝ» ይበቃል። «ግን አንተም…» የሚል ነገር አይጨምሩበት። ቢያኮርፍ ያኩርፍ፤ መስማቱን ግን ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ዝም እንዳይባባሉ እሱ ገና ያልሰማው ሊሆን የሚችል ወሬ ልስጥዎ። ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ላይ አፖፖ የሚባል ድርጅት ጉንጫቸው ከረጢት ያለው ትላልቅ የአፍሪካ አይጦችን የተቀበረ ፈንጂ በማሽተት እንዲያገኙ ያሠለጥናል። ክብደታቸው ፈንጂውን አያፈነዳውም፤ ሽታው ሲሸታቸው መሬቱን ይጭራሉ፣ ሰው መጥቶ ያወጣዋል። ማጋዋ የሚባለው አይጥ በሥራ ዘመኑ ካምቦዲያ ውስጥ ከመቶ በላይ ፈንጂና ያልፈነዳ ጥይት አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከእንግሊዝ አገር የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጠው፤ ከአይጥ ወገን የመጀመሪያው ነው። ጡረታ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ሞተ። አዲስ አበባም ድርጅቱ ከአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ጋር በመተባበር ያሠማራቸው እነዚሁ አይጦች ከአክታ ናሙና የሳንባ ነቀርሳን ያሸታሉ፤ ላቦራቶሪ ለቀናት የሚያየውን መቶ ናሙና አንዷ አይጥ በ20 ደቂቃ ትጨርሳለች። ፈንጂ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከእርስዎ የተሻለ የሚነግረው የለም። ከወሰኑ ማዶ ያለው የሱዳኑ ኩርሙክ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አንስቶ ከሱዳን ጦር ወደ አማጽያኑ፣ ከአማጽያኑ ወደ ጦሩ ሲገላበጥ መሬቱ በፈንጂ ተሞልቶ እንደነበር ለልጁ ይንገሩት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ከጋና በገቡ እንስሳት የዝንጀሮ ፈንጣጣ ከተዛመተባት በኋላ የአፍሪካ አይጥ እንዳይገባ ስለከለከለች፣ እንደ ማጋዋ ያለ ግዙልኝ ብሎ አባቱን ይወጥራል ብለው አይስጉ።

አንድ ነገር ይወቁ። የቤት አይጥ ዕድሜዋ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው። ስምዎን የያዘችው ብዙ አትቆይም፤ ስትሞት ልጁ የሚያለቅስበት ሰው ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ የሚነጋገሩ ይሁኑ።

ቅዳሜ ከመግሪብ በኋላ ይደውሉ። እዚያ ገና ጠዋት ነው፣ ትምህርት ቤትም የለም። ስልኩን ልጅዎ ካነሳችው የእርስዎንና የእሷን ነገር ለሌላ ቀን ይተዉትና ልጁን አቅርቢልኝ ይበሉ። ኔትወርኩ መሀል ላይ ከተቆረጠ፣ እዚያ ዘጋችብኝ ብሎ እንዳያስብ፣ ወዲያው መልሰው ይደውሉ።