በጥያቄ ጨዋታ ትምህርትን ስለ መከለስ፤ ለይፋት ቆላ የእርሻ አስተማሪዎች

ለገበሬ የእርሻ ትምህርት ሲሰጥ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች አሉ። አንደኛው ነገሩን ማስረዳት ሲሆን ሁለተኛው የተነገረው በሰሚው ልብ መቀመጡን መርምሮ ማወቅ ነው። የፊተኛው ሥራ የተለመደ ነው፤ የኋለኛው ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። የእርሻ አስተማሪው፣ ይኸውም በዛሬው አጠራር የልማት ሠራተኛ የሚባለው፣ በሚያዝያ ወር ስለ አቀንጭራ አስረድቶ፣ የመጡትን ሰዎች ስም መዝግቦ፣ ቍጥራቸውን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ይልካል። አቀንጭራው ግን ከመሬት በላይ የሚታየው ክረምቱ ከገባና ማሽላው ቁመት ካወጣ በኋላ ነው። በመካከሉ የሚያልፈው ጊዜ ረዥም ነው፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ ትምህርቱን ማን እንደ ያዘ፣ ማንስ እንደ ረሳ የስም መዝገቡ ሊናገር አይችልም።

መርሳቱ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። አቀንጭራ ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ተክሎ ውሃውንና ምግቡን እየመጠጠ የሚኖር አረም ነው። ገና ከመሬት ሳይወጣ ማሽላውን ያቀጭጨዋል፤ ገበሬውም ዝናብ ያነሰው ወይም መሬቱ የደከመ ይመስለዋል። ወጥቶ አበባውን ካሳየ በኋላ አንዱ ተክል ብቻ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ደቃቅ ፍሬዎችን ያፈሳል፤ ፍሬውም በመሬት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «አበባ ከማውጣቱ በፊት ንቀሉ» የተባለውን አንድ ቃል የረሳ ሰው የዚያን ዓመት እህል ብቻ አያጣም፤ ለልጁ የሚያወርሰውንም መሬት በዕዳ ያስይዛል። በኢትዮጵያ የተወለዱት ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ይሁን እንጂ ዘሩን መርጦ የሚዘራው፣ ማሳውንም በየጊዜው ዞሮ የሚመለከተው ገበሬው ነውና የሊቁ ድካም ከፍጻሜ የሚደርሰው ትምህርቱ በገበሬው ዘንድ ሳይረሳ ሲቀር ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ ከሩቅ ሀገር እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ማታ ከእሳት ዳር የተቀመጠ ልጅ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ ለመመለስ ይነሣል። የተጠየቀው ማወቅ ቢያቅተው ጠያቂው «ሀገር ስጠኝ» ይለዋል፤ እርሱም የአንድ ሀገር ስም ይሰጣል፤ ጠያቂው ያንን ሀገር ገዝቶ፣ በሰጪውም ላይ ጥቂት ተሳልቆ፣ ከዚያ በኋላ መልሱን ይገልጣል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር መልሱ የሚነገረው ሰሚው ራሱ ከደከመበት በኋላ መሆኑ ነው። ሳይደክምበት የተነገረው መልስ ጆሮውን ነክቶ ያልፋል፤ ሀገር አስከፍሎ የተነገረው ግን አይረሳም። ደግሞም ጥያቄውን ማንም እንደ ሀገሩና እንደ ወቅቱ አዲስ አድርጎ ሊያወጣው ይችላል፤ መሸነፍም ያስቃል እንጂ አያዋርድም።

የቀድሞው ትምህርት ሁሉ በዚሁ መንገድ የቆመ ነው። በደጋው በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው የትናንቱን በቃሉ ሳያሰማ አዲስ አይጨመርለትም። በቆላውም በቁርኣን ቤት ደረሳው በሉሁ ላይ የተጻፈለትን ለመምህሩ ሳያሰማ ሉሁ ታጥቦ ሌላ አይጻፍለትም። የእርሻ ትምህርት ብቻውን ተነግሮ የሚተውበት ምክንያት ምንድን ነው?

ነገሩ በዘመኑ ምርመራም ተረጋግጧል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንዱን ጽሑፍ ደጋግመው እንዲያነብቡ፣ ሌላውን ግን አንድ ጊዜ አንብበው ከዘጉ በኋላ ያስታወሱትን ከራሳቸው አውጥተው እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ ከእርሱ 81 ከመቶ፣ ከሌላው 75 ከመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42 ከመቶ፣ ከራሳቸው አውጥተው ከጻፉት 56 ከመቶ ተገኘ። ይህ ለእርሻ አስተማሪ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለው። በትምህርቱ ዕለት «ገብቷችኋል ወይ?» ተብሎ «አዎን» የሚለው የአዳራሹ ድምፅ የ5 ደቂቃውን ዕውቀት እንጂ የሳምንቱን አያሳይም። የሚታመነው መልስ ከሳምንት በኋላ የተጠየቀው ነው፤ በገበያ ቀን የሚቈጥር ሀገር ደግሞ ሳምንትን አይስትም።

አሊዩ አምባ ለዚህ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ከተማዪቱ ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት ስፍራ የተቈረቈረች ናት። በ1841 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስ በዚህች ከተማ አልፎ፣ በዚያ ዘመን ዓርብ ዓርብ ይቆም ስለ ነበረው ገበያዋ ጽፏል። ገበያው በዚያ የቆመው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የቆላው ጨው ከደጋው እህል ጋር የሚገናኝበት በር ስለ ሆነ ነው። ዛሬም በዚያ አካባቢ በሚሰጥ ትምህርት ላይ ከገደሉ አፋፍ የወረደ ገብስ ዘሪና ከታች የወጣ ማሽላና ማሾ ዘሪ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። አማራውና አርጎባውም አብረው የሚኖሩበት ሀገር ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ታትሞ ለሁሉ ወረዳ የሚላክ አንድ የጥያቄ ወረቀት እዚህ አይበጅም፤ ለገብስ ዘሪው ስለ ማሽላ ነቀርሳ፣ ለማሽላ ዘሪውም ስለ ደጋ ውርጭ መጠየቅ ሁለቱንም ማስተኛት ነው። ጥያቄው በቀበሌው፣ ቢቻል በጎጡ ልክ ተቈርጦ መሰፋት አለበት። የአረሙ ስም በየቋንቋው ሊለያይ ስለሚችልም ስሙን ከመጥራት ይልቅ ተክሉን ራሱን ከነሥሩ ነቅሎ በእጅ ይዞ መጠየቅ ይሻላል።

ፊደል ላላወቀ ሰው የሚሆን አሠራርም አለ። በ1989 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ በሩዝ ገበሬዎች መካከል የተጀመረውና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በብዙ ሀገሮች ያስፋፋው የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት የሳጥን ፈተና የሚባል ልማድ አለው። በማሳው ዳር በየጥቂት እርምጃው አንድ እንጨት ይተከላል፤ በእንጨቱም ላይ አንድ ጥያቄና ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች ይደረጋሉ። ከየሳጥኑ ፊት መልሱ በጽሕፈት ሳይሆን በራሱ በነገሩ ይታያል፤ የታመመ ቅጠል፣ በጠርሙስ የተያዘ ትል፣ ወይም የአረም ቡቃያ ይሆናል። ገበሬው ከእንጨት ወደ እንጨት እየሄደ ትክክል በመሰለው ሳጥን ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ይጥላል።

ይህን ወደ ይፋት ለማምጣት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለሳጥኑ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ይበቃል። በወረቀቱም ፈንታ ለእያንዳንዱ ሰው በጥያቄው ቍጥር ልክ የማሾ ፍሬ ቢሰጠው ይሆናል፤ ዶሮ በሚውልበት ግቢ ከሆነ ግን ጠጠር ይሻላል። ጣሳው ክዳን ኖሮት ፍሬ የምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ትተውለት፤ አለዚያ ሁለተኛው ሰው የፊተኛውን አይቶ ወደ ሞላው ጣሳ ይጥላል፤ ይህም ሰውን ማፈር የሚያስተምረው እንጂ እርሻን የሚያስተምረው አይደለም። ጥያቄው ከ12 ባይበልጥ መልካም ነው። ከዚያ ካለፈ ሰዎቹ ፀሐይ ስለሚበዛባቸው ሳያስቡ ይጥላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የስሕተቱ መልስ አመራረጥ ነው። ብዙ ሰው ትክክለኛውን መልስ በብርቱ አስቦ ካወጣ በኋላ፣ ሁለቱን የስሕተት መልሶች ግን እንዲያው ቦታ ለመሙላት ያስቀምጣቸዋል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ማንንም አይፈትንም። የስሕተቱ መልስ በሀገሩ ሰዎች እውነት ሲደረግ የሚታየው ስሕተት መሆን አለበት። ለምሳሌ የፀረ ተባይ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ባዶው ዕቃ ምን ይደረግ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በአንዱ ጣሳ ፊት ታጥቦ ውሃ የተሞላበት ዕቃ፣ በሁለተኛው ፊት በወንዝ ዳር የተጣለ ዕቃ ሥዕል፣ በሦስተኛው ፊት ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ከተገለበጠ በኋላ የተበሳ ዕቃ ይቀመጥ። በፊተኛው ጣሳ የተጠራቀመው ጠጠር ከዚያ ሰፈር ስንት ቤት በመርዝ ዕቃ ውሃ ለመቅዳት እንደሚደፍር ያመለክታል። ይህን ያየ አስተማሪ የሚቀጥለውን ሳምንት ትምህርት ከየት እንደሚጀምር ሌላ ሰው አይነግረውም።

ስለ ተምች ሲጠየቅም እንዲሁ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የታየው መጤ ተምች በቆሎንና ማሽላን ይበላል፤ ሀገር ከሚያውቀው ተምችና ከአገዳ ቆርቁር ጋርም በቶሎ ይምታታል። መለያው በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ ምልክትና በጭራው አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቍር ነጥቦች ናቸው። ሦስቱ ትሎች በሦስት ጠርሙስ ቀርበው «መጤው የትኛው ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መለያው በቃል ሲነገር የሰማውና በዓይኑ ያየው ወዲያው ይለያሉ። ቀጥሎም መድኃኒት የሚረጨው ትሉ ገና ታናሽ ሳለ ነው ወይስ ካደገ በኋላ፣ በጠዋት ነው ወይስ በቀትር ተብሎ ይጠየቃል። ያደገው ትል ወደ ሙሽራው ዘልቆ ስለሚሸሸግ መድኃኒቱ አያገኘውም፤ ገንዘቡም በከንቱ ይፈስሳል።

የአዳራሹ ክለሳ ደግሞ በእንቆቅልሽ ቢሆን ይበልጥ ይስባል። «ከመሬት በታች ሌባ፣ ከመሬት በላይ አበባ» ብሎ አስተማሪው ቢጠይቅ አቀንጭራን የማያስብ የማሽላ ገበሬ አይገኝም። ወዲያው ግን «ሌባውን መቼ ትይዙታላችሁ?» ብሎ ሁለተኛ ጥያቄ ማስከተል ያስፈልጋል፤ ስሙን ማወቅ ብቻ እህሉን አያድንምና። ተሸናፊው ወገን ሀገር ስጥ ሲባል ጎንደርን ወይም ሐረርን ከመስጠት ይልቅ የአንድ ማሳ ስም እንዲሰጥ ይደረግ። የሚቀጥለውም ትምህርት ከተሰጠው ማሳ ላይ ይጀመር፤ ሁሉም ወደዚያ ሄዶ በጥያቄው የተነገረውን ነገር በዓይኑ ይፈልገው። በዚህ ዓይነት ሽንፈቱ ለሥራ መነሻ ይሆናል።

ጥያቄው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለወገን ይጠየቅ። ሸኹን ወይም ሽማግሌውን በጎረምሶች ፊት «አላወቁም» ማሰኘት ነውር ነው፤ እንዲህ የተደረገባቸው ሰው ሁለተኛ አይመጡም፤ እርሳቸው የቀሩበትን ትምህርት ደግሞ መንደሩ አያምነውም። ይልቁንስ ሽማግሎቹ ጥያቄ አውጪዎች ቢሆኑ ይሻላል። የበረሃ አንበጣ በ2012 ዓ.ም. በምሥራቅ አማራ ቆላዎች በወረደ ጊዜ የሆነውን ወጣቶቹም ያዩት ስለ ሆነ በዚያ ይፎካከሩ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ስለ ነበሩት ክፉ ዘመኖች ግን ከሽማግሎች በቀር ጥያቄ የሚያወጣ የለም። ሴቶችም ከኋላ ተቀምጠው ሰሚ ብቻ እንዳይሆኑ፣ ስለ ዘር አመራረጥ፣ ስለ ነቀዝና ስለ ጎተራ የሚወጡት ጥያቄዎች በመጀመሪያ ለእነርሱ ወገን ይቅረቡ። በብዙ ቤት ዘሩን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸውና ብዙ ጊዜ ጨዋታውን ይረታሉ።

በትምህርት ቤት ላሉ ልጆች በስልክና በኮምፒዩተር የሚሠራ የጥያቄ ጨዋታም አለ። በኖርዌይ ተሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ካሁት የሚባለው መምህሩ የራሱን ጥያቄ እንዲያስገባ ይፈቅዳል፤ የመላሹንም ነጥብ ወዲያው ይቈጥራል። መብራትና መረብ ባለበት ትምህርት ቤት ይህ መልካም ነው። አንድ ጉድለት ግን አለው፤ ፈጥኖ ለመለሰ ብዙ ነጥብ ስለሚሰጥ ቀስ ብሎ የሚያስብ ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል። መብራት በሌለበት ስፍራ በካርቶን ላይ የተጻፈ ጥያቄ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ልጆቹም የየራሳቸውን ጥያቄ ከቤታቸው ማሳ አውጥተው እንዲያመጡ ቢታዘዙ ጥያቄውን ለማውጣት ብለው አባታቸውን ይጠይቃሉ፤ አባትየውም መልሱን ለልጁ ለመንገር ሲል የተማረውን ያስታውሳል።

የወረዳው ሹም ከአስተማሪው ሊቀበለው የሚገባው መግለጫ ከስም ዝርዝሩ ጋር የጣሳዎቹን ቍጥር የያዘ ይሁን፤ ይኸውም በየጥያቄው ስንት ጠጠር በትክክለኛው፣ ስንትስ በየትኛው ስሕተት እንደ ወደቀ ነው። የማን ጠጠር እንደ ሆነ መጻፍ አያስፈልግም። ከ30 ሰው 25 በትክክል የመለሱት ጥያቄ ከሚቀጥለው ጨዋታ ወጥቶ በስፍራው ሌላ ይግባ፤ ከግማሽ በላይ የሳቱት ግን እንደገና በማሳው ላይ ተምሮበት በሳምንቱ ይመለስ። የአቀንጭራው ጥያቄ ሰኔ ሳይገባ ሁለት ጊዜ፣ በሐምሌ ደግሞ አንድ ጊዜ እንዲጠየቅ የቀን ቀጠሮው አስቀድሞ ይያዝ፤ ቀጠሮውም የዓርብ ጸሎት ሰዓትንና የገበያውን ቀን የማይነካ ይሁን።