ስለ ዱካክ

እንቅልፍ ለሰው ልጅ እንደ ምግብና እንደ ውኃ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ዕድሜው ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆነ ልጅ በየዕለቱ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት ይገባዋል። እንቅልፍ ሲጓደል ከሚከተሉት ችግሮች አንዱ ዱካክ ነው።

ዱካክ የያዘው ሰው ይነቃል፤ ነገር ግን እጁንና እግሩን ለማንቀሳቀስ፥ ድምፁንም አውጥቶ ለመጣራት አይቻለውም። ደረቱን ከባድ ነገር የተጫነው ይመስለዋል፤ አንዳንድ ጊዜም በአጠገቡ የቆመ ጥላ ያያል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰዎች ክፉ መንፈስ ተጫነው ይላሉ። ልጅም ይህን ሲሰማ መኝታውን እየፈራ ነቅቶ ያድራል፤ እንቅልፍ ባጣ መጠንም ዱካኩ ይመላለስበታል።

የዱካክ ምክንያት ግን በሰውነት ውስጥ ይገኛል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. አዘሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፥ የተኛ ሰው ዓይኑ ከቆቡ በታች ፈጥኖ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንዳለ ገለጡ፤ ይኸውም ሕልም የሚበዛበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ሰው በሕልሙ የሚያደርገውን በእውን እንዳያደርግ ጡንቻዎቹ ይዝላሉ። ጡንቻዎቹ ሳይበረቱ አእምሮው ቀድሞ የነቃ እንደ ሆነ ዱካክ ይሆናል። የሚታየውም ጥላ ያልለቀቀው ሕልም ነው። ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ግን ሥራውን አያቋርጥምና ሰውየው ታፍኖ አይሞትም፤ ነገሩም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ ያልፋል።

ዱካክን የሚያመጡት እንቅልፍ ማጣት፥ የመኝታ ሰዓት መለዋወጥ፥ ጭንቀትና በጀርባ መተኛት ናቸው። ጫት የለመደ ሰው ባቋረጠ ጊዜም ይመጣበታል።

ስለዚህ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሣት፥ በጎን መተኛት፥ ከቀትር በኋላም ቡና አለመጠጣት ይጠቅማል። ዱካክ የያዘውንም ልጅ ቤተ ሰቡ በእጅ ነካ አድርጎ ሊቀሰቅሰውና «አይዞህ» ሊለው ይገባል። ችግሩ የሚደጋገም፥ ወይም ልጁን በቀን በድንገት እንቅልፍ የሚጥለው፥ ሲሥቅም ጕልበቱ የሚከዳው እንደ ሆነ በሽታ ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም ይወሰድ። እንዲህ ያለውን ተማሪ መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ ሊቀጣው አይገባም።

ጥያቄ።
1ኛ፤ ዱካክ የያዘው ሰው መንቀሳቀስ የማይቻለው ስለ ምንድን ነው?
2ኛ፤ ፍርሃት ዱካክን የሚያብሰው እንዴት ነው?
3ኛ፤ በክፍል ውስጥ ዘወትር በድንገት የሚተኛ ተማሪ ምን ሊደረግለት ይገባል?