የዳልጋ ከብት ዝርያ መረጣ፦ ከዕለት ወተት ልኬት ባሻገር

አጠቃሎ

«ከሁሉ የተሻለው ዝርያ የትኛው ነው?» የሚለው የከብት አርቢዎች ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በቀን በሚታለብ ወተት መጠን ነው። ይህ ጽሑፍ መልሱ በአራት ነገሮች፣ ማለትም በመኖ፣ በበሽታ፣ በእርባታው ዓላማና በተተኪ ትውልድ አቅርቦት ላይ እንደሚመሠረት የቦረና፣ የሸኮ፣ የፎገራና የሆልስታይን ፍሪዥያን ዝርያዎችን አብነት በማድረግ ያሳያል። ከዚህም በመነሣት ድቅል ላሞችን የማስፋፋት ሥራ ንጹሕ የአገር ዝርያዎችን ከመጠበቅ ተነጥሎ ሊታቀድ እንደማይገባ ይከራከራል።

መግቢያ

ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የዳልጋ ከብት ያላት አገር ስትሆን፣ ከዚህ ውስጥ እጅግ የሚበዛው የአገር ዝርያ ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በአርሲ የአገር ላሞችን ከፍሪዥያን ጋር የማዳቀል ሥራ አካሂዷል። ከዚያ ወዲህ በአርቢውም ሆነ በኤክስቴንሽን ሠራተኛው ዘንድ «የውጭ ደም በጨመረ ቁጥር ወተት ይጨምራል» የሚል አስተሳሰብ ሥር ሰድዷል።

አስተሳሰቡ ከፊል እውነት አለው። በገበሬ ማሳ ላይ የምትረባ የአገር ላም በአማካይ በቀን ከሁለት ሊትር ያነሰ ወተት ስትሰጥ፣ በደንብ የተያዘች ድቅል ላም የዚህን በርካታ እጥፍ ትሰጣለች። ሆኖም «በደንብ የተያዘች» የሚለው ሐረግ የንጽጽሩን አብዛኛውን ክፍል ሸፍኖ ይይዛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሐረጉን መተንተን ነው።

መኖ

በምሳሌነት 250 ኪሎ ግራም የምትመዝን የአገር ላም በቀን የክብደቷን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች ቢባል፣ የዕለት ፍላጎቷ 6.25 ኪሎ ግራም፣ የዓመት ፍላጎቷም 23 ኩንታል ገደማ ይሆናል። 450 ኪሎ ግራም የምትመዝን ታላቢ ድቅል ላም የክብደቷን 3 በመቶ ብትበላ ደግሞ በቀን 13.5 ኪሎ ግራም፣ በዓመት 49 ኩንታል ገደማ ያስፈልጋታል። ስለዚህ አንዲት ድቅል ላም ወደ በረት ማስገባት በመኖ ረገድ ሁለት የአገር ላሞችን እንደ መጨመር ይቆጠራል።

ከመጠኑም በላይ ጥራቱ ወሳኝ ነው። የስንዴና የገብስ ገለባ የፕሮቲን ይዘት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 በመቶ አይበልጥም። በላሟ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ተሕዋስያን ግን መኖውን በሚገባ ለማብላላት 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ይሻሉ። ገለባ ብቻ የምትመገብ ላም ሆዷ ቢሞላም ሰውነቷ ይራባል። ፋጉሎ፣ ፉርሽካ ወይም ጥሩ ድርቆሽ የማያገኝ አርቢ ድቅል ላም ሲገዛ፣ ላሟ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከገዛ ሰውነቷ እየቀነሰች ትታለባለች፤ ቀጥሎ ትከሳለች፤ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜም ይዘገያል። በሁለት ወሊዶች መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ መጠን በሰነድ ላይ የተመዘገበው የወተት ብልጫ እየሳሳ ይሄዳል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ብሂል ለእንዲህ ያለው ምርጫ ይስማማል።

በሽታና አየር ንብረት

ሁለተኛው መስፈርት ከብቱ የሚኖርበት ምድር ነው። የቦረና ከብት በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላማ ግጦሽ ላይ ረጅም መንገድ ተጉዞ በበጋ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ውኃ እየጠጣ መኖር የሚችል ነው። ይህ ጠባይ በወተት መለኪያ ላይ አይታይም፤ ድርቅ በመጣ ጊዜ ግን በሕይወት የሚተርፈውንና የማይተርፈውን የሚለየው እርሱ ነው። የቦረና ዝርያ ወደ ኬንያ ተወስዶ በመረጣ ከተሻሻለ በኋላ እስከ ደቡባዊ አፍሪካና አውስትራሊያ መድረሱ ለዚህ ብርታቱ ምስክር ነው።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የሸኮ ከብት ሌላ አብነት ነው። ሻኛው እምብዛም የማይታየው ይህ አነስተኛ ከብት የቆላ ዝንብ በሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ አካባቢ ከሌሎች ዝርያዎች የተሻለ ጤና ይዞ የመኖር ተፈጥሯዊ ችሎታ አለው። ይሁን እንጂ ኮርማዎቹ ቁጡ በመሆናቸው አርቢዎች ቀድመው ያኮላሿቸዋል ወይም ይሸጧቸዋል። በዚህም ምክንያት የሸኮ ላሞች ከሌላ ዝርያ ኮርማ ጋር ይገናኛሉ፤ የመቋቋም ችሎታውም በየትውልዱ እየተበረዘ ይሄዳል። በሌላ በኩል በመካከለኛው ኢትዮጵያ በተደረጉ ምርመራዎች የከብት ሳንባ ነቀርሳ ከአገር ዜቡ ይልቅ በሆልስታይን ላይ በርክቶ ተገኝቷል። ጥሬ ወተት በሚጠጣበት ቤተሰብ ውስጥ ይህ የእንስሳት ጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የእርባታው ዓላማ

ሦስተኛው ጥያቄ ከብቱ ለምን ይፈለጋል የሚል ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ለገበያ የሚያቀርብ አርቢና በበሬ የሚያርስ ገበሬ አንድ ዓይነት ላም አያስፈልጋቸውም። ለሁለተኛው ላም ማለት የነገ በሬ እናት፣ የኩበትና የፍግ ምንጭ፣ በክፉ ቀን የሚሸጥ ተቀማጭ ሀብት ናት። በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚረባው የፎገራ ከብት የተወደደው ወተትን፣ እርሻንና ሥጋን በአንድነት በማስተናገዱና ረግረጋማውን የግጦሽ መስክ በመላመዱ ነበር። ከ1970ዎቹ ዓ.ም ወዲህ የሩዝ እርሻ በፎገራ ሜዳ ሲስፋፋ ግን የግጦሽ መሬቱ ጠበበ። ከአካባቢው ደጋ ከሚመጡ ከብቶች ጋር መደባለቁም ጨመረ። ገበሬው ሩዝን መምረጡ ስሕተት አልነበረም፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ገበሬ ትክክለኛ ምርጫ ተደምሮ ማንም ያልመረጠውን የዝርያ መመናመን አስከትሏል።

ተተኪ ትውልድ

አራተኛው መስፈርት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ንጹሕ የፎገራ ወይም የቦረና ላም ከሆልስታይን ኮርማ የምትወልደው የመጀመሪያ ትውልድ ድቅል ከእያንዳንዱ ጥንድ ዘረ መል አንዱን ከአገር፣ ሌላውን ከውጭ ዝርያ ትወርሳለች። ከሁለቱ ወላጆች አማካይ የሚበልጠው የድቅል ብርታት ሙሉ ሆኖ የሚገለጠው በዚህ ትውልድ ነው። ድቅሎቹ እርስ በርስ ሲዳቀሉ እንዲህ ያለው የጥንድ ስብጥር በግማሽ ይቀንሳል። ድቅሏ ተመልሳ ከሆልስታይን ጋር ስትዳቀልም በግማሽ ይቀንሳል፤ የውጭ ደሙ ግን ወደ 75 በመቶ፣ የመኖና የጤና አያያዝ ፍላጎቱም ከዚያው ጋር ያድጋል።

በመሆኑም ጥሩ ድቅል ያለማቋረጥ ለማግኘት ንጹሕ የአገር ላም ያለማቋረጥ ልትኖር ይገባል። የአበርኖሳና የመተከል የከብት እርባታ ማዕከላት ቦረናንና ፎገራን ከፍሪዥያን እያዳቀሉ የመጀመሪያ ትውልድ ጊደሮችን ለገበሬ ማቅረባቸው በዚህ መርሕ ላይ የተመሠረተ ነበር። የሰው ሠራሽ ማዳቀል አገልግሎት የእናቲቱን ዝርያ ሳይመዘግብ ለቀረበችው ላም ሁሉ የሆልስታይን አባለዘር ሲሰጥ ግን ድቅሉ የሚገኝበትን መሠረት ራሱ ይንዳል።

ማጠቃለያ

አንድ አርቢ ዝርያ ከመምረጡ በፊት ዓመቱን ሙሉ ማቅረብ የሚችለውን መኖ፣ የአካባቢውን በሽታ፣ ከከብቱ የሚፈልገውን ጥቅምና ተተኪ ጊደር የሚያገኝበትን ምንጭ በዚህ ቅደም ተከተል ሊመዝን ይገባዋል። የወተት ልኬት ትርጉም የሚኖረው ከእነዚህ በኋላ ነው። ተመራማሪውም ዝርያዎችን ሲያነጻጽር የዕለት ወተትን ብቻ ሳይሆን በአንድ ኪሎ ግራም መኖ የተገኘውን ወተት፣ በላሟ ዕድሜ ሙሉ የተወለዱትንና ያደጉትን ጥጆች፣ እንዲሁም የሕክምና ወጪን አብሮ መለካት ይጠበቅበታል።

የንጹሕ ዝርያ ጥበቃ ሸክም በአንድ ገበሬ ጫንቃ ላይ ሊወድቅ አይገባም። ፎገራን ወይም ሸኮን አልለቅም ያለ አርቢ ለጎረቤቱም ለአገሩም የሚጠቅም ሀብት ይዞ ሳለ፣ ከወተት ሽያጭ የሚቀርበትን ገቢ የሚተካለት የለም። ለንጹሕ ጊደርና ለተመረጠ ኮርማ የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ሥርዓት ካልተዘረጋ፣ ዝርያዎቹ የሚጠፉት አርቢዎች ስለተሳሳቱ ሳይሆን በትክክል ስላሰሉ ይሆናል።