መብራት ሲመለስ ስንት ኃይል ያስፈልጋል?

በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን ያልታሰበ እክል ሲያጋጥም የኤሌክትሪክ ፍላጎት እንዴት እንደሚገመት እንመለከታለን። ትምህርቱ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። ከጎረቤት ጋር አንድ ጄኔሬተር ለሚጋራ፣ ይልቁንም ኢንሱሊን በፍሪጅ ለሚያስቀምጥ ቤተሰብ የጤና ጉዳይ ነው።

ግምት እንዴት ይሠራል?

ኤሌክትሪክ እንደ እህል በጎተራ ተከማችቶ አይቆይም። የሚመነጨውና የሚፈለገው በየሰኮንዱ እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ ባለሙያዎች የትናንቱን፣ ያለፈውን ሳምንትና ያለፈውን ዓመት መዝገብ አይተው የነገውን ይገምታሉ። በኬንያ ፍላጎቱ ከሁሉ ከፍ የሚለው ከጨለመ በኋላ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ መብራትና ቴሌቪዥን ሲከፍት ነው።

መዝገቡ የማይረዳበት ጊዜ

አንደኛው የሰው አኗኗር በድንገት ሲለወጥ ነው። በኬንያ ከማርች 27 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮሮና ምክንያት የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ የሆቴልና የቢሮ ፍጆታ ቀንሶ ሰዉ ቤቱ ዋለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ካለፈው ዓመት ይልቅ ያለፉትን ጥቂት ቀናት ማመን ይሻላል።

ሁለተኛው ኃይሉ ራሱ ሲቋረጥ ነው። ጁን 7 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. አንዲት ጦጣ በጊታሩ የውኃ ኃይል ማመንጫ ትራንስፎርመር ላይ ወደቀች። ከ180 ሜጋዋት በላይ ጠፋ፤ የቀሩትም ማሽኖች ከአቅም በላይ ተጭነው ቆሙ። በአንዲት ጦጣ ምክንያት ኬንያ በሙሉ ጨለመች። ጦጣዋ ግን ተረፈች።

ከሁርሊንግሃም አንድ ምሳሌ

በናይሮቢ ሁርሊንግሃም አንድ ግቢ የሚጋሩ ስድስት አባወራዎች አሉ እንበል። 3 የኤሌክትሪክ ምጣድ (እያንዳንዱ 3.5 ኪሎዋት)፣ 6 ፍሪጅ (እያንዳንዱ 150 ዋት) እና 18 አምፖል (እያንዳንዱ 10 ዋት) አላቸው።

በደኅናው ቀን አንድ ምጣድ ይሠራል። ፍሪጅ በቂ ሲቀዘቅዝ ራሱን ስለሚያጠፋ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ሁለት ያህል ናቸው። ድምሩ 3.5 + 0.3 + 0.18 = 3.98 ኪሎዋት ነው።

መብራት ለሰዓታት ጠፍቶ ሲመጣስ? ፍሪጆቹ ሁሉ ስለሞቁ ስድስቱም ባንድነት ይነሣሉ። ሊጡ እንዳይበላሽ የፈሩት እናቶችም ሦስቱንም ምጣድ ይጥዳሉ። ድምሩ 10.5 + 0.9 + 0.18 = 11.58 ኪሎዋት ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም! መብራት በመጣ በደቂቃው ተመልሶ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኩባንያዎችም ከትልቅ መቋረጥ በኋላ መስመሩን በየሠፈሩ በተራ የሚከፍቱት ለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ መብራት እንደጠፋ ምጣድ፣ ካውያና የውኃ ማፍያ ከሶኬት ይነቀሉ።

2ኛ/ የፍሪጅ በር አይከፈት። ካልተከፈተ እስከ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት።

3ኛ/ መብራት ሲመለስ ቅድሚያ መድኃኒት ላለበት ፍሪጅ ይሰጥ። ፍሪጅ ሲነሣ ለአፍታ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይከፈቱ። ምጣድ መጨረሻ ላይ፣ በተራ ይሁን።

4ኛ/ በየትኛው ሰዓት ምን እንደሚሠራ በደብተር ይመዝገብ።

መልመጃ፦ የዚያ ግቢ ጄኔሬተር 5 ኪሎዋት ብቻ ቢሆን፣ ፍሪጆቹና አምፖሎቹ ሁሉ እየሠሩ ስንት ምጣድ መጣድ ይቻላል?

መልስ፦ 5 − 1.08 = 3.92፤ አንድ ብቻ። እንግዲህ ተራውን መብራት ሳይጠፋ፣ ከጎረቤት ጋር ተስማምተን ዛሬውኑ እናውጣ።